ሸራ ስር ያለው «ላዳ» ላዳ ባይሆንስ? የድሮ ፈጣን መኪና ግቢ ውስጥ ማስነሳት ምን ይጠይቃል?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ቆራሌው ግቢያችን በር ላይ ቆመና ሸራውን በጣቱ እያሳየ «ያንን ላዳ ለምን አትሸጡልኝም?» አለ። ዋጋውን የተናገረው በኪሎ ነው። ቤታችን ቆሼ አጠገብ ስለሆነ ይሄ አይገርመንም። ከቆሻሻው ተራራ ላይ ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም ለቅመው የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉን። ልጆች ሆነን ራሱ የቱ ከየቱ በኪሎ እንደሚበልጥ እናውቅ ነበር።

እማዬም እምቢ አላለችም። «አባታችሁ ካረፈ ጀምሮ ቦታ ይዞ ቆሟል። ወይ አስነሱት፣ ወይ ይሂድ» አለች። እኔና ወንድሜ አንድ ወር እንድትታገሰን ለመንናት።

በሳምንቱ የሰፈራችንን አንጋፋ መካኒክ ይዘን መጣን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «ጋሼ» ብዬ ልለፈው። ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ ዝም አሉና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ላዳ አይደለም» አሉኝ። ቀጥለውም «ለቆራሌው ሰጥታችሁት ቢሆን ኖሮ አልምራችሁም ነበር» አሉ።

መኪናው ፊያት 124 ስፔሻል ቲ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማርኩትን፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ እጽፍላችኋለሁ። እናንተም ግቢ ሸራ ስር የቆመ ነገር ካለ ይጠቅማችኋል። የናንተው ዲኤክስ ቢሆን ወይም ቮልስ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ፊያቱና ላዳው ለምን ይመሳሰላሉ?

መልሱ አጭር ነው፦ ላዳ ከፊያት 124 ስለተወለደ ነው።

ፊያት 124ን የጣሊያኑ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 አወጣው፤ በዓመቱም የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተባለ። በዚያው በ1966 ሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ ለመገንባት ከፊያት ጋር ተዋዋለች። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሚያዝያ 1970 ላይ ወጡ። እኛ ላዳ የምንለው እሱን ነው። የዚያ ቤተሰብ መኪኖች እስከ 2012 ድረስ የተመረቱ ሲሆን በድምሩ ከ17 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ወደኛም በደርግ ዘመን በብዛት ገቡ፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነው የኖሩት እነሱ ናቸው።

ሶቪየቶቹ ግን መኪናውን እንዳለ አልወሰዱትም። ለመጥፎ መንገድ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ ሞተሩን ቀየሩ፣ ፊያቱ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ሲኖረው እነሱ የኋላውን ታምቡር አደረጉት። ጭቃና አቧራ ዲስኩን ቶሎ እየበላው ስላስቸገራቸው ነው።

ጣሊያኖቹ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። ተራው 124 ሞተሩ 1197 ሲሲ፣ ጉልበቱ 60 የፈረስ ጉልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ስፔሻል ቲ መጣ፦ 1438 ሲሲ፣ 80 የፈረስ ጉልበት፣ ቴስታታው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ካምሻፍት። ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ከዚያ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ መሐንዲስ። በኋላ ደግሞ ባለ 1592 ሲሲው ወጣ። ክብደቱ አንድ ቶን የማይሞላ፣ ቤተሰብ ጭኖ ገበያ የሚሄድ፣ ሹፌሩ ከፈለገ ደግሞ የሚበር ባለ አራት በር መኪና ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ የ124 ምርት በ1974 ስለቆመ ስፔሻል ቲ የኖረው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ?

የፊት መብራቱን አይታችሁ አትወስኑ። እኛን ያሳሳተን እሱ ነው። አራት ክብ መብራት ላዳ 2103 እና 2106 ላይም አለ። እነዚህን እዩ፦

• ኮፈኑን ክፈቱ። ቴስታታው ላይ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ረጃጅም ክዳኖች ካሉ ባለ ሁለት ካምሻፍት ነው። ሞተሩ ፊት ላይ ያለው ማዞሪያም እንደ ላዳው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ችንጋ ነው።
• የኋላ ጎማ አውልቁ። ዲስክ ከሆነ ፊያት፣ ታምቡር ከሆነ ላዳ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።
• በሩን እዩ። የፊያቱና የላዳው እጀታ አይመሳሰልም፤ ሶቪየቶቹ ከቀየሯቸው ነገሮች አንዱ ነው።
• ከሁሉም በላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

ተራው «ስፔሻል» (ያለ ቲ) ደግሞ 1438 ሲሲ ሆኖ አንድም ካምሻፍት ቴስታታው ላይ የለውም። ስለዚህ የኋላው ጽሑፍ ብቻ በቂ አይደለም። ጽሑፍ ተነቅሎ ይለጠፋል።

ለምን አሁን?

«በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን የድሮ ቤንዚን መኪና ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር ተቀይሯል።

የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። ሁለተኛው በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ውሳኔ ነው፦ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም። መንግሥት ምክንያቱን ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው ብሏል።

አገር ውስጥ ያለውን መኪና ይሄ አይነካውም። ግን «ሌላ አንድ አስመጥቼ ለዕቃ እፈታዋለሁ» የሚለው መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ለኪሎ የተሸጠ ፊያት ለቀሩት ፊያቶች የዕቃ መደብር ሊሆን ይችል የነበረ ነው። ለዚህ ነው ጋሼ የተቆጡት።

አንድ፦ ከመፍቻው በፊት ወረቀቱ

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነው። ወንድሜ በመጀመሪያው ቅዳሜ ካርቡራተሩን ፈታው። ሊብሬው የት እንዳለ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ሥራው ጋራዥ ሳይሆን ፍርድ ቤት ይጀምራል። የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል፣ ወራሾች ይስማማሉ፣ ከዚያ ስም ይዛወራል። አራት ልጆች ካላችሁና አንዱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልና ይጨመራል። ብዙ ወር ሊፈጅ ስለሚችል ቀድሞ መጀመር ነው። የቦሎ ውዝፍ፣ የቆየ ቅጣት ወይም የባንክ ዕዳ እገዳ ካለም አሁኑኑ እወቁት።

ቁጥሮቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዝገት በልቶት ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ ራሳችሁ በመዶሻና በቁጥር ማተሚያ «አታድሱት»፤ ወንጀል ሆኖ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ለላሜሪስታውም ቁጥሩ የተመታበትን ላሜራ እንዳይቆርጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሞተር ለመቀየር ካሰባችሁ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል እንዳለበት አትርሱ።

እማዬ ሊብሬውን ያገኘችው የአባዬ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ኮቱን ለሰው ልትሰጥ አስባ ነበር።

ሁለት፦ ዝገቱ መኪናውን ይገድላል፣ ሞተሩ አይገድለውም

ሁሉም ሰው ሞተሩ ይነሳ እንደሆነ ለማየት ይቸኩላል። ጋሼ ግን ሞተሩን አልነኩትም። ካቻቢቴ ያዙና ከመኪናው ስር ገቡ።

የዚያ ዘመን ጣሊያን መኪና ላሜራው ቀጭን፣ የዝገት መከላከያውም ደካማ ነው። የራሱ የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ተሸካሚው። ስለዚህ ወለሉ ሲበሰብስ መልኩ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፣ መኪናው መሐል ላይ ይደክማል። የሚታዩት ቦታዎች፦ የበሮቹ ስር፣ የእግር ምንጣፉ ስር ያለው ወለል፣ የጎማዎቹ ቅስት፣ ክሪክ የሚገባበት ቦታ፣ የባትሪው መቀመጫ፣ የፊት ሞላው የሚያርፍበት አካባቢ።

ሁለት ርካሽ መሣሪያ ይበቃል። ትንሽ ማግኔት ላሜራው ላይ አንሸራትቱ፤ ካልያዘ ከስሩ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉ፤ ከገባ በስብሷል። የኛው በግራ በኩል የበሩ ስር እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ።

ላሜሪስታ ስትቀጥሩ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «የበሰበሰውን ቆርጠህ አዲስ ላሜራ ትበይዳለህ ወይስ ከላዩ ትለጥፋለህ?» በዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራና ስቱኮ ለአንድ ክረምት ያምራል፤ በሁለተኛው ክረምት ያብጣል። ቦዲው ሲቆረጥ በሮቹ ተገጥመውና መኪናው ደልዳላ ካቫሌቶ ላይ ሆኖ መሆን አለበት። አለዚያ ቦዲው ይጣመምና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም።

ደግሞ ይሄን በደንብ ያዙ፦ የነዳጅ ሰልባትዮውን ሳታወርዱ ኋላ አካባቢ ብየዳ አይነካም። ባዶ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከሙሉው ይልቅ ባዶው በትነት ይፈነዳል። ሰልባትዮው ራሱ ቢቀደድ ደግሞ ቤት ውስጥ አይበየድም።

ሦስት፦ ስልካችሁ ከሁሉ የተሻለ መፍቻ ነው

ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ፣ ስትፈቱ ቪዲዮ፣ ከፈታችሁ በኋላ ፌስታልና ማርከር። እያንዳንዱ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ። ከስድስት ወር በኋላ ሁሉንም አስታውሳለሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

አንድም ነገር አትጣሉ። ብዙ ሰው የሚከብደው የሞተር ዕቃ ይመስለዋል፤ ግን ያ የላምፕሬዲ ሞተር ቤተሰብ እስከ 1990ዎቹ ድረስ በብዙ ፊያትና ላንቺያ ላይ ስለሠራ ችንጋው፣ ፋሻው፣ ጓርኒሲዮኑ አሁንም አውሮፓ ውስጥ ይመረታል፤ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይዞት ይመጣል። የሚጠፋው የፊት ፍርግርጉ፣ የመብራቱ ቀለበት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት፣ የኋላው ጽሑፍ ነው። ስፔሻል ቲ ስፔሻል ቲ የሚመስለው በነዚህ ነው። የተሰበረም ቢሆን ለሞዴል ይሆናል፤ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ናሙና ይፈልጋል።

ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ መርካቶ ሶማሌ ተራ የመጀመሪያው ማረፊያ ነው። ብሎንና ጥቃቅኑ ምናለሽ ተራ ይገኛል። የድሮውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስም ብቻ ከጠየቃችሁ የላዳውን ይሰጧችኋል። አንዳንዱ የላዳ ዕቃ በእርግጥ ለ124 ይቀራረባል፣ በተለይ የቦዲና የመስታወት ነገር። ሳትለኩ ግን ብር አትክፈሉ።

አንድ የሚያግዛችሁ ነገር አለ፦ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ፣ ብሎን። የጣሊያን መኪና መጽሐፍ ብትከፍቱ የምታውቁት ቃል አይጠፋም። ወንድሜ ጣሊያንኛ አይችልም፤ ከኢንተርኔት ያገኘነውን የጥገና መመሪያ ግን ከጋሼ ጋር ሆኖ ሥዕሉንና ቃሉን እያገናኘ አነበበው።

አራት፦ ሞተሩን ቁልፍ አዙራችሁ አታስነሱት

ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ባትሪ አስሮ ማስነሳት ለቪዲዮ ያምራል። ለሞተሩ ግን አደጋ ነው። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ዘይት ደርቋል፣ ፋሻው ተጣብቆ ይሆናል፣ ችንጋውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተር ላይ ችንጋ ቢበጠስ ቫልቭ ሊጣመም ይችላል። ያኔ ቴስታታ መውረዱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ባትሪው አይታሰር። የድሮው ቤንዚን ይውጣ፤ ሽታው እንደ ቀለም ከሆነ ሰልባትዮውም ይታጠብ። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይቀየር። አራቱ ካንዴላዎች ይውለቁና በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት ይጨመር፣ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ከዚያ አዲስ ችንጋ በምልክቱ ልክ ይታሰር። ሞተሩን በማርሽ ሳይሆን በእጅ፣ በትልቅ መፍቻ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ሁለት ዙር አዙሩ። ከተያዘ አታስገድዱት፤ ተመለሱና ዘይት ጨምሩ። የውሃ ፓምፑና ራዲያተሩ ሳይታይም አይነሳም። አሉሚኒየም ቴስታታ አንዴ በሙቀት ከተጣመመ ማስተካከያው ለሬክቲፊካ ነው፣ ወጪውም የዋዛ አይደለም።

ሌላው የሰው ልብ የሚሰብር ነገር፦ «80 የፈረስ ጉልበት አለው» የተባለው በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጤነኛ ስፔሻል ቲ እዚህ የሚሰጣችሁ 60 ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛም ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል። መፍትሄው ሞተር መቀየር አይደለም፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጅግለር በትንሽ ቀዳዳ መቀየር ነው። የድሮ መካኒክ ይሄን በጆሮው ያውቀዋል። የድሮውን ጅግለር ግን አስቀምጡት፤ አንድ ቀን ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ብትወርዱ ያስፈልጋል።

አምስት፦ ከመሄድ በፊት መቆም

ሞተሩ ተነስቶ ቢጮህ እንኳ ፍሬኑ ሳይሠራ መኪናው ከግቢ አይወጣም። ወንድሜ «እስከ አስፋልቱ ብቻ» ብሎ ነበር። ጋሼ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ለዓመታት ሲቆም ውስጡን ያዝገዋል፣ ጎማዎቹንም ያደርቃል። አራት ዲስክ ማለት አራት የሚጣበቅ ፒስተን ቦታ ማለት ነው። ሁሉም ይፈታል፣ ጎማዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ፣ ቱቦዎቹም ጭምር። እዚህ ላይ «ለጊዜው ይሂድ» የሚባል ነገር የለም።

ሁለት የደኅንነት ነገር አትርሱ። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አታራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ደግሞ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ካቫሌቶ ከሌላችሁ ከሚያበድር ጋራዥ ለምኑ። ብሎኬት አይሆንም፤ ሳይታሰብ ይፈርሳል።

ገንዘቡስ?

ዋጋ ብጽፍላችሁ በወሩ ይቀየራል። ልነግራችሁ የምችለው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ወረቀት፣ ዝገት፣ ፍሬን፣ ሞተር፣ ኤሌትሪክ፣ መጨረሻ ቀለም። ሰው የሚከስረው ሲገለብጠው ነው። ቀለሙን ቀድሞ ያስቀባና ለብየዳ ተመልሶ ያቃጥለዋል፣ ወይም ሞተሩን ጨርሶ የሚሸከመው ወለል ያጣል።

ሌላው፣ ሁሉንም በአንዴ አትፍቱ። አንድ ክፍል ፈታችሁ፣ ጨርሳችሁ፣ ገጥማችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ብሩ መሐል ላይ ሲያልቅ (ያልቃል) የቆመ መኪና ይኖራችኋል እንጂ በካርቶን የተሞላ ቆርቆሮ አይኖራችሁም። ካርቶኑን ነው ቆራሌው በኪሎ የሚወስደው።

አሁን የት ነን?

አላለቀም። የግራው የበር ስር ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተተክቷል፣ የቀኙ ወረፋ ይጠብቃል። ፍሬኑ አልቋል። ሞተሩ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ፤ እስክንጠራው ድረስ ጎረቤት በሙሉ አጥር ላይ ነበር። ትንሽ አጨሰ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። እማዬ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመችና «እንደዚህ ነበር ሲመጣ የምንሰማው» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

የወራሽነት ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነው። እስኪያልቅ ድረስ መኪናው ከግቢ አይወጣም።

ያ ቆራሌው አሁንም በበራችን ያልፋል። ባለፈው ሲያልፍ ኮፈኑ ተከፍቶ አይቶ ገባ። ሁለቱን ክዳን እያየ «አሉሚኒየም ነው?» አለ። ወንድሜ «አዎ» አለው። «ይሄማ አይሸጥም» ብሎ ራሱ መለሰና ሻይ ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ ደግሞ አንድ የድሮ የመብራት ቀለበት በፌስታል ይዞልን መጣ። የላዳ ነው፣ አይገጥምም። ግን ከእንግዲህ ፊያት የሚመስል ነገር ካገኘ ቀድሞ እኛን እንደሚያሳየን ቃል ገብቷል።